ቄሣሮቹ በሙሽራዋ አንገት

የመጀመሪያውን ቄሣር ያገኘሁት ሚዛን ላይ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ በሱቃቸው ኮረሪማ ሲመዝኑ አንደኛው ሰሃን እያጋደለ ስለሚያስቸግራቸው አረንጓዴ ዝገት የበላት አንዲት ክብ መዳብ ጣል እያደረጉ ያስተካክሉታል። አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ አነሳኋትና በአውራ ጣቴ ሳሻት አፍንጫ ወጣ። ደግሜ ሳሻት አገጭ ወጣ። በመጨረሻ ራሱ ላይ ቅጠል የጠመጠመ አንገተ ወፍራም ሰውዬ ብቅ አለ።

"ሐጂ፣ ይሄ ማነው?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄለት! ከባቲ ከብር ስብርባሪ ጋር የመጣ ነው። ሚዛኔን ያስተካክልልኛል፣ ሌላ ምን ላድርገው?"

ልኳ ተመሳሳይ የሆነች ጠጠር ፈልጌ አመጣሁላቸውና ሰውዬውን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

ሐጂ የምንላቸው መካ ደርሰው አይደለም። አሰብ ድረስ ወርደው ባሕሩን አይተው ስለተመለሱ፣ ለሐይቅ ሰው ይሄም አይናቅም ተብሎ በቀልድ የወጣላቸው ነው። ለአንጥረኞች የሚሆን አሮጌ ብርና መዳብ ከባቲ ገበያ እየገዙ ያመጣሉ። ከባሕር ማዶ የሚሻገረው ኮተት ሁሉ ባቲ ላይ ይራገፋልና በዚያ ስብርባሪ መሀል አልፎ አልፎ የሮም ሳንቲም ይገኛል። ከዚያች ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ባገኙ ቁጥር በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው "መምህር፣ ዘመድህ መጥቷል!" ይሉኛል።

እኔ በሐይቅ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶት የሄደው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ነበረኝ፤ የሮም ነገሥታት ሳንቲሞች ሥዕል አለበት። ማታ ማታ ከሐጂ ያገኘሁትን ከሥዕሉ ጋር አስተያያለሁ። ፂማሙን፣ ፊተ ቁጡውን፣ ገና ጢም ሳያበቅል የነገሠውን ጎረምሳ፣ አንድ በአንድ ለየኋቸው። በአንድ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ጥጥ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። እብደቱ እንዴት እንደያዘኝ አላውቅም። እናቴ "ሰው በግ ያረባል፣ የኔው ልጅ የሞተ ንጉሥ ያረባል" እያለች ለጎረቤት ታማኛለች።

ከሁሉም ግን እናቴም እጇን የምትዘረጋላት አንዲት ሳንቲም ነበረች። ጸጉሯን የተጎነጎነች ሴት ያለችባት ትንሽ መዳብ ናት። መጽሐፉ እንደሚለው ሴትዮዋ መስቀሉን ከጉድጓድ ያስቆፈረችው ንግሥት ናት። የመስቀሉ ግማድ እዚህ አምባሰል፣ ግሸን ላይ አለ ተብለን ላደግን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለእናቴ ባሳየኋት ጊዜ "አበስኩ ገበርኩ!" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተሳለመቻት።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ሰው ዳቦ ሲገዛበት የነበረ ሳንቲም ነው።"

"ዝም በል አንተ! አፍህን!"

ሳንቲሞቹን ክፍል ውስጥ ይዤ እገባ ነበር። ተማሪ ከመጽሐፍ ሰምቶ የሚረሳውን በእጁ ጨብጦ አይረሳም ብዬ ነው። አንዲት ከእጃቸው ስትወድቅ ግን ነፍሴ ትወጣለች፤ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ እስካገኛት ድረስ ትምህርት የለም። በተለይ የሚወዱት የወታደሮቹን ዘመን ነበር። "አንዱ ወታደር ይነሣና ንጉሡን ገድሎ ይነግሣል" እላቸዋለሁ። "መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድነው? የራሱን ፊት ሳንቲም ላይ ማስመታት! ሳንቲሙ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ወታደር ይመጣና እሱን ይገድለዋል። እሱም በተራው ፊቱን ያስመታል።" ክፍሉ በሳቅ ያወካል። ያኔ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ የማወራውም ስለ ሮም ነበርና ማንም ምንም አላለኝም።

ከተማሪዎቹ አንዱ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ጥያቄው የማያልቅ ልጅ ነበር። ሐይቁ ዳር ከእናቱ ጋር ብቻ ይኖራል። እናቱ በየዓመቱ መስከረም ላይ ግሸን የምትወጣ ሴት ነበረች። አንድ ዓመት ታማ ተኛች። ልጁ ትምህርት ካለቀ በኋላ በር ላይ ጠበቀኝ።

"መምህር፣ ንግሥቲቱን ያውሱኝ። እናቴ ዘንድሮ ግሸን መውጣት አልቻለችም። ውሃ ውስጥ ነክሬ ላጠጣት።"

አንጀቴን በላው። መዳቧ ዝገት አለባት፣ ሆድ ታሳምማለች፣ ጠበል አይደለችም፣ ሁሉንም ልለው ነበር። ዓይኑን ሳይ ግን ቆርቆሮውን ከፍቼ ሰጠሁት። በሳምንቱ ሳንቲሟን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ መለሰልኝ። እናቱ ሞታለች። ለቅሶ ብሄድ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ከዚያ ወዲያም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። በእኔ ሳንቲም እንደተቀየመ ገባኝ። ተናደድኩ ደግሞ! ታቦት ነው ብዬ አልሰጠሁት፣ ምን አድርግ ነው የሚለኝ እያልኩ ለብቻዬ ሳጉረመርም ከረምኩ።

ዘመኑ ተገለበጠ። ወታደሮች ጃንሆይን አወረዱ። ፊታቸው ያለበት ሳንቲም እየተለቀመ የአንበሳ ራስ ያለበት ወጣ። ያ ልጅ ለትምህርት ደሴ ሄዶ ቆይቶ፣ ካኪ ለብሶ ሽጉጥ ታጥቆ የሰፈራችን ካድሬ ሆኖ ተመለሰ። እኔም ስለ ወታደሮቹ ነገሥታት ማስተማሬን እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ግን የተባለ ነገር ተብሏል፣ ወደ አፍ አይመለስም። ከክፍሉ ሁሉ ያንን ቀልድ በደንብ ያዳመጠው ደግሞ እሱ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከእኛ ቤት ራቅ ብሎ የሚኖር የጂኦግራፊ አስተማሪ ተያዘ። ቤቱ ግድግዳ ላይ የጃንሆይ ሥዕል ያለበት ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ተገኘ ተባለ። እናቱ ስንቅ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ትቀመጣለች፤ አገልግሉን ሳይቀበሏት ይመልሷታል። አንድ ቀን ደግሞ "ከእንግዲህ አታምጪ" አሏት። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ግድግዳውን ተመለከተ። እኔ ደግሞ ግድግዳ ሳይሆን አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ንጉሥ ነበረኝ።

ብዙም ሳይቆይ ላንድሮቨር ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ በከተማዋ እየዞረ አሰሳ እንዳለ ለፈፈ። ቤት ለቤት ሊፈተሽ ነው። መሣሪያ፣ የተከለከለ ጽሑፍና የአድሃሪው ሥርዓት ቅርሳ ቅርስ የተገኘበት ወዮለት ተባለ።

እናቴ ቆርቆሮውን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። "ተነሥ፣ ነገሥታቱን ሐይቅ ጣላቸው! ንግሥቲቱን ብቻ ተውልኝ።"

"አልጥልም።"

"ልጄ፣ አብደሃል?"

"አልጥልም አልኩሽ! ስንት ዓመት የለቀምኳቸውን!"

ስናደድ አፌ አይያዝም፤ እሷም አትመለስም። እሷ ስትጮህ እኔ ስጮህ፣ በመጨረሻ እሺ ብዬ ቆርቆሮውን በጋቢ ሸፍኜ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ አብዮት ጠባቂዎች ዳርቻውን ተከፋፍለው ቆመዋል። ጽሑፍ በድንጋይ አስረው ውሃ ውስጥ የሚጥሉ ሰዎች ተይዘዋል አሉ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደው መንገድ ላይም ጥበቃ አለ። ለሽንት የወጣ ሰው መስዬ ቁጥቋጦ ሥር ትንሽ ቆየሁና ተመለስኩ። ሆዴ ውስጥ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው ጅል ሲሆን እንዲህ ነው።

ቤት ስገባ እናቴ እንደገና ጮኸች። በዚህ መሀል የሐጂ ባለቤት በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። እትዬ ነው የምላት፤ ትልቅ ልጇን እሑድ ለአምባሰል ሰው ልትድር ሽር ጉድ ላይ ነበረች።

"ምን ጉድ ነው? ጩኸታችሁ ቀበሌ ድረስ ይሰማል እኮ!"

እናቴ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። እትዬ ቆርቆሮውን ከፍታ ቄሣሮቹን በጣቷ እያገላበጠች አየቻቸው።

"ለዚህ ነው? አብሽሩ። እሑድ ልጄን እሸኛለሁ። የአንገት ድሪዋ ላይ ጠገራ ብር አለ፣ የአያቷ መዳብ አለ፣ ዶቃ አለ። እነዚህን መሀል መሀሉ ላይ እሰካቸዋለሁ። የሙሽራ አንገት የሚፈትሽ ወንድ ካለ እስቲ በወሎ ምድር ይምጣና ልየው!"

"አምባሰል ከደረሰች በኋላ ይመለሱልኛል?" አልኳት።

ፊቷ ኮስተር አለ። "ስማኝ ወንድሜ፣ በዚህ ጉዳይ እንዳንጣላ። ዱኣ ተደርጎ ሙሽራ አንገት ላይ የታሰረ ድሪ እስክትወልድ አይፈታም። ስትወልድ ደግሞ የልጇ ነው። የእናቴም እንደዚያ ነው፣ የኔም እንደዚያ ነው። ኋላ ንጉሤ ጠፋብኝ እያልክ አማቶቿ ደጅ እንዳትቆም።"

"እንግዲያው ይቅር! አልሰጥም።"

እናቴ መጮህ አቆመች። መደቡ ላይ ቁጭ አለችና ዝግ ባለ ድምፅ "የዚያን መምህር እናት ዛሬም አየኋት" አለችኝ። "ባዶ አገልግሏን ይዛ ያው በሩ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ቤትሽ ሂጂ ስላት፣ ቤት ምን አለኝ አለችኝ። እኔንም እዚያ ልታስቀምጠኝ ነው?"

ቆርቆሮውን ለእትዬ ገፋሁላት። ንግሥቲቱን እናቴ ልታስቀራት ፈልጋ ነበር፤ እትዬ ግን "አንዲት ከተገኘች ሁሉም ተገኙ ማለት ነው" ብላ እጇን ዘረጋች። እናቴ ሳንቲሟን ሦስቴ ተሳልማ ሰጠቻት።

ቀጥሎ የሆነውን አልረሳውም። እትዬ ሚስማርና መዶሻ አምጥታ በግቢያቸው ድንጋይ ላይ ቄሣሮቹን ትበሳ ጀመር። መዶሻው ሲያርፍ እኔን በራሴ ላይ የሚመታኝ ያህል ነው። ፂማሙን ግንባሩ ላይ፣ ጎረምሳውን ጉንጩ ላይ በሳችው። ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ቀዳዳ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም።

"ከዳር በኩል አድርጊው እንጂ እትዬ! ከዳር! ዓይኑን አወጣሽው እኮ!"

"አብሽር ወንድሜ" አለች ሚስማሩን እያቃናች። "ሞተዋል እኮ፣ አያማቸውም።"

እሑድ ጠዋት ለሠርጉ ግቢያቸው ገባሁ። ዳሱ ተጥሏል፣ ሰው ሞልቷል፤ የአሰሳው ነገር ግን በሁሉም ፊት ላይ ነበር። ማንም ጮክ ብሎ አይስቅም። ዘፋኙ እንኳ የአምባሰልን ዜማ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር ሰው ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጫወተው። ሙሽራዋ ዱኣ ተደርጎላት ድሪዋ ታስሮላት ከጓዳ ብቅ ስትል ዓይኔ ተወጋ። ሳንቲሞቹ ያበራሉ። አረንጓዴው የለም፣ ዝገቱ የለም፣ ወርቅ መስለዋል።

እትዬን ወደ ጥግ ጎትቼ "ምን አድርገሻቸው ነው?" አልኳት።

"አማረ አይደል? ከእህቶቼ ጋር በአሸዋና በአመድ ፈትገን፣ በሎሚ አሸናቸው። ክንዳችን ነው የተቆረጠው!"

"ፊታቸውስ?"

"የምን ፊት?"

"የሰዎቹ ፊት ነዋ! አፍንጫቸው! አክሊላቸው!"

"ውይ አንተ! ልጄ የዛገ ነገር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እንድትሄድ ነው የምትፈልገው? አማቶቿ ምን ይሉኛል?" ካለች በኋላ ፊቴን አይታ አዘነችልኝ። "ሴትዮዋን ግን አሸዋም ሎሚም አላስነካኋትም። የእናትህ እመቤት አይደለች? የሰው ሃይማኖት አልፈትግም ብዬ እንዳለች ሰቀልኳት።"

ማልቀስ ነው የቀረኝ። አንድ ሺህ ስንት መቶ ዓመት መሬት ውስጥ ከርመው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በባቲ ስብርባሪ መሀል አልፈው ያልጠፉ ፊቶች በአንድ ቀን በአሸዋ ታጥበው ሄዱ! ልጮህ አፌን ስከፍት የግቢው በር ላይ ካኪ አየሁ።

ካድሬው ከአብዮት ጠባቂዎች ጋር ቆሟል። ዳሱን ባየ ጊዜ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ እኔን በዓይኑ ፈልጎ አገኘኝ።

"ጓድ መምህር፣ ቤትህን ክፈት።"

ድሮ "እርስዎ" ነበር የሚለኝ፤ አብዮቱ ሁላችንንም አንተ አድርጎናል። ወደ ቤቴ ይዤው ገባሁ፤ እናቴ ከኋላችን ተከተለች። ጠባቂዎቹ ፍራሹን ገለበጡ፣ ጤፍ ያለበትን ጎታ በዱላ ወጉ። እሱ ግን ፍራሽም ጎታም አልነካም።

"የሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ የት አለ?"

ባዶውን ቆርቆሮ እትዬ መልሳልን ነበር። እናቴ ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠችው። ከፈተው። ጥጡ ብቻ ነው ያለው፤ ጥጡ ላይ ግን የሳንቲሞቹ ክብ ክብ አረንጓዴ ምልክት አለ። እሱን ማንሳት አንዳችንንም ትዝ አላለንም።

"ነገሥታቱስ?"

"ሐይቅ ጣልኳቸው።"

"ሐይቁ እየተጠበቀ?"

"ጥበቃው ሳይጀመር ነው።"

ወደ እኔ ጠጋ አለና ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንተ? አንዲት ከእጃችን ስትወድቅ ጠረጴዛ ሥር የምትንበረከከው ሰውዬ፣ ሁሉንም አፍሰህ ጣልካቸው?"

ዓይኔን ጥጡ ላይ ካሉት አረንጓዴ ክቦች አላነሳሁም።

"አንዲት ብትገኝ ሌላ ጥያቄ የለም" አለኝ። "ወታደር ወታደሩን እየገደለ ሲነግሥ ያስተማርከንም የትም አልሄደም።"

ቆርቆሮውን ዘግቶ ለጠባቂው ሰጠና ወጣ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

በዚያው ቅጽበት ሙሽራዋን ወደ መኪና ሊያወጧት ነበር። እስከ ውጫሌ የሚወስዳት የጭነት መኪና ደጅ ቆሟል። ካድሬው እንግዶቹ አንድ በአንድ ተፈትሸው ይውጡ አለ። ወንዶቹ እጃቸውን አንስተው ተዳበሱ። ሙሽራዋ ከዳሱ ጥላ ወደ ፀሐይ ስትወጣ ድሪዋ ብልጭ አለና አንዱ ጠባቂ "ጓድ፣ አንገቷ ላይ ሳንቲም ነው!" ብሎ ጮኸ።

ዘፈኑ ቆመ። ሚዜዎቹ ዱላቸውን ጨበጡ። ካድሬው ወደ ሙሽራዋ መጣ፤ ነገር ግን ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ።

"ታውልቀውና ይታይ።"

"አይፈታም!" አለች እትዬ፣ በእሱና በልጇ መሀል ገብታ። "ዱኣ ተደርጎበታል። ልጄ ቤት ሳይቆምላት ድሪዋ አይፈታም። የፈለግከውን አድርግ።"

ሐጂ "በአላህ ተይ" እያሉ ይለምኗታል፤ እሷ መች ሰማቻቸው። ጠባቂው መሣሪያውን አቀባበለ። እናቴ ከጀርባዬ ኮቴን ጨምድዳ ይዛለች።

ካድሬው እትዬን አያት። እሷም አየችው። "ካየህ ከእጄ ላይ እይ" አለችና ድሪውን ከልጇ አንገት ሳትፈታ ወደ ፊት ስባ መዳፏ ላይ ዘረጋችው።

ጎንበስ አለ። የመጀመሪያውን በጣቱ አነሳው፤ ልሙጥ ነው። ገለበጠው፤ ያም ልሙጥ ነው። ሁለተኛውን አየ፤ የሚያበራ መዳብ እንጂ ማንም የለበትም። ፂማሙ የለም፣ ጎረምሳው የለም፣ ቁጡው የለም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አሁን ላለቅስላቸው የነበሩት ፊቶች ቢኖሩ ኖሮ እኔ አልኖርም ነበር። እነዚያን አሸዋ የጨበጡ እጆች በልቤ ሳምኳቸው። ጠገራውንም አገላበጠ፤ ጠገራው ላይ እኮ ንግሥት አለች፣ ግን በየእናቱ አንገት ላይ ስላለች ማንም ንግሥት ብሎ አያያትም፤ እሱም አለፋት።

ከዚያ መሀል ላይ ያለችው ጋ ደረሰ።

አረንጓዴ ናት፤ በሚያበሩት መሀል እሷ ብቻ ጠቁራ ተቀምጣለች። ጸጉሯ የተጎነጎነው፣ አፍንጫዋ፣ አንገቷ ሁሉ እንዳለ ነው። ጣቱ እላይዋ ላይ ቆመ። አወቃት። እንዴት አያውቃት! በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ የመለሰልኝ ራሱ ነው። እናቱን ያላዳነችለት እሷ ናት። በቃ፣ አለቀልኝ፣ ቂሙን የሚወጣበት ቀን ዛሬ ነው አልኩ። እናቴን አገልግል ይዛ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ አየኋት፤ ከዚያችኛይቱ እናት አጠገብ።

"ምን አለበት ጓድ?" አለ ጠባቂው።

ካድሬው ጎንበስ እንዳለ ሌባ ጣቱን ከሳንቲሟ ሥር አስገብቶ ቀስ አድርጎ ገለበጣት። ፊቷ ወደ እትዬ መዳፍ ዞረ፤ በጀርባዋ በኩል ዘመን የበላው ጠባሳ እንጂ ምንም አይታይም።

"መዳብ ነው" አለ ጮክ ብሎ። "አሮጌ መዳብ። ይለፉ።"

እትዬ ድሪውን እንደዚያው፣ ሳንቲሟን እንደተገለበጠች፣ የልጇ ደረት ላይ መለሰችው። እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ያን ጠዋት ሙሉ ታፍኖ የነበረ እልልታ ነበር። ሙሽራዋን መኪናው ላይ አወጧት። ካድሬው በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ፤ ወደ እኔ ግን አልዞረም፤ ዓይኑ መኪናው ላይ ነበር።

"እናቴ ውሃዋን ጠጥታ ተሻለኝ ብላ ነው የሞተችው" አለኝ። "ለቅሶው ላይ ልነግርዎት ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።"

ከዚያ ጠባቂዎቹን ይዞ ሄደ። እናቴ ኮቴን ስትለቀው ጨርቁ ተጨማድዶ ቀረ።

ካድሬው ብዙ አልቆየም። ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ዘምቷል ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ የሰማ ሰው አላገኘሁም። የጂኦግራፊ አስተማሪውም አልተመለሰም። እኔ ማስተማሬን ቀጠልኩ፤ ሐጂ አልፎ አልፎ "መምህር፣ ዘመድህ መጥቷል" ሲሉኝ "ሚዛንዎት ላይ ያድርጉት" እላቸዋለሁ።

ሙሽራዋ ከአምባሰል እናቷን ልትጠይቅ የመጣችው በኩሯን አዝላ ነው። ያኔም ደርግ አልወረደም ነበር። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት በአጥሩ በኩል ገባሁ፤ በእኛ ሰፈር ይሄን ለእስላሟም እንላታለን፣ አሜን ትለናለች። ልጁ ጡት ይዞ ተኝቷል። አንገቱ ላይ በጥቁር ክር ንግሥቲቱ ታስራለች፤ ጀርባዋ ወደ ውጭ ሆኖ።

ዓይኔ አላስቻለኝም። ፊቷን ካየኋት ስንት ጊዜዬ! እጄን ሰድጄ ልጁ እንዳይነቃ ቀስ ብዬ ገለበጥኳት። ጸጉሯ እንዳለ ነው፣ አፍንጫዋም። ገና በቅጡ ሳልጠግባት የልጁ እናት እጅ መጥቶ መልሶ ገለበጣት።

"ፊቷ ወደ ልጁ ነው የሚሆነው ጋሼ" አለችኝ።

"ማን አለ?"

"ያ ሰውዬ ያን ዕለት እንደዚያ አይደል ያደረጋት? እናቴ አይታው፣ 'የእነሱ የክርስቲያኖቹ ወግ እንደዚያ ነው፤ ሲመርቁ ፊቷን ወደሚመረቀው ሰው ያዞሯታል' አለችኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሌላ አድርጌ አስሬያት አላውቅም። የባሌ እህቶችም ልጆቻቸው ሲታመሙ ሲዋሱኝ እንደዚያው ነው የሚያስሯት። ተሳስተናል እንዴ?"

እንዲህ ያለ ወግ በግሸንም ሆነ በሮም እንደሌለ ላስተምራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጁ እንቅልፉ ውስጥ ሆኖ ሳንቲሟን በጭብጡ ያዘ።

"አልተሳሳታችሁም" አልኳት። "ወጉ እንደዚያ ነው።"